የየዕለቱ መርዶ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። የደንበኛ ልክ ወረቀት ላይ አስፍሮ አያውቅም፤ አንዴ ሜትሩን ካዞረ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። "የአገሩን ሰው ሁሉ ወገብ ይዘህ፣ እኔ ግዛ ያልኩህን ዳቦ ትረሳለህ!" እያልኩ ስነዘንዘው ኖሬያለሁ።

የሳንባ ካንሰሩ ጭንቅላቱ ውስጥ የገባ ጊዜ ሐኪሟ ሁለታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። የጨረር ሕክምናው አንጎሉን በሙሉ ያገኘዋል፤ አዲስ ነገር የሚይዘውን ቦታ ግን ማሽኑ ዘሎ ሊያልፈው ይችላል። "ችግሩ፣" አለች፣ "አንዷ እጢ እዚያው ጥግ ላይ ናት። ቦታውን ስንምር እሷንም መማራችን ነው።"

"ቦታው ይማር፣" አለ ባሌ። "የዛሬን ነገር ማታ ካጣሁት ምኑን ኖርኩት?"

"አይማርም!" አልኩ። "ከመሞት መሰንበት ይሻላል። አፈር ስሆንልህ፣ ማስታወሱን ለእኔ ተወው።"

አሳዘንኩትና እሺ አለ።

ከጨረሩ በኋላ ሰነበተ። የድሮው ሁሉ አለ፤ የሠርግ ቀሚሴን ወገብ ዛሬም ሳይሳሳት ይነግረኛል፣ ያውም እየሳቀብኝ። የማይቀመጥለት አዲሱ ነው። ከሕመሙ ወዲህ ያለው ሁሉ ስለጠፋበት መታመሙን እንኳ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ኮቱ ትከሻው ላይ ሲንጠለጠል መስታወት ፊት ቆሞ፣ "የትኛው እጁ የሚሰበር ነው ይሄን የሰፋው?" ይላል። የሰፋው ራሱ ነው። "ከስተህ ነው" ስለው ለምን ይላል፤ ስነግረው እንደ አዲስ ያለቅሳል፤ ምሳ ሳይደርስ ይረሳዋል። ሰው የራሱን መርዶ ስንት ጊዜ ይረዳል? መንገሩን ተውኩት።

ዛሬ ግን መንገር ነበረብኝ። ትናንት ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ፣ የሳንባው እንደገና ማደጉን፣ ከእንግዲህ የምታደርግለት ነገር አለመኖሩን ነገረችኝ። ሳይሰናበት እንዲሄድ አልፈለግሁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ብዙ አለቀሰ። ከዚያ እጄን ይዞ፣ "በጨረሩ ነገር ራስሽን እንዳትወቅሺ። አብረን ሰንብተናል። ልጆቹን አደራ፣" አለኝ። ለእኔ ብቻ የሚሆን ሌላም ነገር ነገረኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ አድርጎ አናግሮኝ አያውቅም።

ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነሳ ኮቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ሳሉ እያቋረጠው፣ በእስፒል እየያዘ ማጥበብ ጀመረ።

"ይሄ ሳል አላማረኝም፣" አለ። "ሐኪም ክፉ ነገር ቢልሽ ትነግሪኛለሽ አይደል? ሳልሰናበትሽ መሞት አልፈልግም።"



"እነግርሃለሁ፣" አልኩት።