ዋቅጅራ የሳላቸው ክቦች

ይህ ታሪክ አንድም ሳይቀር እውነት ነው። ብዋሽ የላፍቶ ወንዝ ሽቅብ ይፍሰስ። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ የተውኩ ሰው ነኝና ኬሚስትሪው ላይ ብሳሳት ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ ላይ ግን አልሳሳትም።

በ1970 ዓ.ም. ላፍቶ የጤፍ ማሳ ነበረች። ዋቅጅራ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ትምህርት አማረውና ቀን እያረሰ፣ ሲመሽ ወደ ንፋስ ስልክ እየሄደ ይማር ጀመር። ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። አስተማሪው ዳኜ ይባላል፤ ሦስት ወር ታስሮ የተፈታ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ልጅ እግር ሰው። ሁለተኛ ከተያዘ እንደማይመለስ ተማሪው ሁሉ ያውቃል።

አንድ እሑድ ጠዋት አሰሳ መጣ። አብዮት ጠባቂዎች ከእህል ጆንያ ሥር የዋቅጅራን ደብተር አወጡና ገለጡት። ክብ፤ በክቡ ዙሪያ ነጥቦች፤ ከክብ ወደ ክብ የተሰመረ መስመር። ገጽ በገጽ እንደዚያው ነው። ያን ሰሞን ሕቡዕ ድርጅቶች ሰዎቻቸውን በሦስት በአራት ከፋፍለው በአንድ ሰው ብቻ እንደሚያገናኙ በየስብሰባው ይነገር ነበር። ሰዎቹ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሊቀመንበሩ ሙሄ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠበቀው።

«ይህ ሶዲየም ማነው?»

«ጨው ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ክሎሪንስ?»

«እሱም ጨው ውስጥ ነው።»

«አብረው ነው የሚኖሩት ማለት ነው።» ሙሄ ጻፈ። «ከሶዲየም ወደ ክሎሪን ቀስት አለ። ምን አቀበለው?»

«አንድ ኤሌክትሮን። ሶዲየም ዳር ላይ አንድ ትርፍ አለችው። ክሎሪን ስምንት ሊሞላ አንድ ይጎድለዋል። ሰጠው፤ ተሳሳቡ፤ ተጣበቁ።»

«ይህ ብቻውን የቆመውስ?»

«አርጎን ነው። እሱ ስምንቱ ስለሞላለት ከማንም አይገጥምም።»

«ማኅበር ያልገባ» አለ ሙሄ፤ ስሙ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ዋቅጅራ የሚመልሰው በግማሽ ልቡ ነበር። ዓይኑ ከገጹ ግርጌ አልነቀል ብሏል። እዚያ በቀይ እስክሪብቶ «ከአሥር ስድስት» ተጽፎ፣ ከሥሩ የዳኜ ፊርማ አለ፤ ሰውየውን የሚያውቅ ሁሉ አይቶ የሚለየው።

ሰዎቹን ከጠረጴዛው ማራቅ ነበረበት። «በሰው ላሳያችሁ» አለ።

ሦስቱን አብዮት ጠባቂዎች መሐል አዳራሽ አቆማቸው። «ማሞና ሙሴ፣ ሃይድሮጅን ናችሁ። ያላችሁ አንድ አንድ እጅ ነው፤ ሌላውን ኪስ ክተቱት። ፈየራ ኦክስጅን ነህ፤ ሁለት እጅ ያስፈልግሃል።»

«ጠመንጃውስ፣ አያ ዋቅጅራ?»

ሁሉም ወደ ሙሄ ዞሩ። ሙሄም ተነስቶ መጣ። «አስደግፈው» አለ።

ፈየራ ምንሽሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋ። ሁለቱ ያዙት።

«አሁን ውኃ ሆናችሁ» አለ ዋቅጅራ። «እዚህ እንደ ጨው አንዱ ለሌላው አይሰጥም። ሁለቱም ያዋጣሉ፤ ያዋጡትን በጋራ ይይዛሉ።»

«በጋራ» አለ ሙሄ፤ ቃሏ ተስማማችው።

«ውኃውስ እውነት ነው፤ መዳፉ ረጥቧል» አለ ማሞ።

«አንተ ነህ ያላበህ» አለው ፈየራ።

ሙሄ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ጣቱ ገጹን ቁልቁል ሄዶ ግርጌው ላይ ቆመ። «ይህ ቀዩ የማን ነው?»

«የራሴ ነው። ራሴ ነኝ የማርመው» አለ ዋቅጅራ።

«ራስህን አርመህ ከአሥር ስድስት?»

«እኔ ብሆን አሥር ነበር የምሰጠው፣ አያ» አለ ፈየራ፣ የያዘውን እጅ ሳይለቅ።

«ግለ ሂስ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ዋቅጅራ።

ስለ ግለ ሂስ ባለፈው ሳምንት እዚያው አዳራሽ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስተማረው ሙሄ ራሱ ነበር። «ሂድ» አለው በመጨረሻ፤ ደብተሩንም መለሰለት። ዋቅጅራ ቤቱ ገብቶ ያችን ገጽ ቀደዳት፤ ምድጃ ውስጥ ጨምሮ አመዷን እስኪበትን አልተቀመጠም።

ሰኞ ትምህርት ገባ። ዳኜ ሰሌዳው ላይ ክብ ይስላል፤ ዋቅጅራ ግን ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

ገጹን ካቃጠለ በሩን ምን ያስጠብቀዋል ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ። ደብተሩን አልመለሱለትም፤ ከነፊርማው ሙሄ ዘንድ ቀረ።