ወደፊት የገፋሁት አገጭ

ልጆቼ፣ ይህን የማወራላችሁ እያፈርኩ ነው፤ ብትስቁብኝም አልቀየማችሁም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። በልጅነቴ የታችኛው መንጋጋዬ ወደ ኋላ የገባ ስለነበር የሰፈር ልጆች «አገጭ የለሽ» ይሉኝ ነበር። ያ ስም አንጀቴ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስቆም አገጬን ትንሽ ገፋ አደርጋለሁ።

የእህቴ ልጅ የጥርስ ሐኪም ሆነች። የተደራረበውን የፊት ጥርሴን በሽቦ ላስተካክልልዎ ስትለኝ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ እሺ አልኳት። በየቀጠሮው ወንበሩ ላይ ታስቀምጠኝና «ጋሼ፣ እስኪ ጥርስዎን ይግጠሙ» ትለኛለች። እኔም እያወቅሁ አገጬን ገፍቼ እገጥማለሁ። አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ አገጭ የለሽ ሆኜ እንድታየኝ አልፈለግሁም። እሷም ያየችው እውነት መስሏት በዚያው ልክ ጥርሴን ሳበች።

ሽቦው ሲወልቅ ጥርሴ በማስመሪያ የተሰመረ መሰለ። ቤት ገብቼ ማኘክ ስጀምር ግን ጉድ ፈላ። አገጭ ገፍቶ መብላት አይቻልም። መንጋጋዬ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚገናኙት የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ብቻ ሆኑ፤ በፊቶቹ መሀል ልብስ የምለካበት ሜትር ታጥፎ ያልፋል። ክር በጥርስ መበጠስ ቀረ። ዳቦ በጣቴ እየቆረስኩ ወደ ጉንጬ ጥግ መወርወር ሆነ ሥራዬ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥርስህን ያሠራኸው ለማየት ነው ለመብላት?» ትለኛለች ባለቤቴ።

ስምንት ወር ሸፋፈንኩ። በመጨረሻ እሷው ለልጅቱ ደወለች።

ልጅቱ ደንግጣ ክሊኒኩን ወደሚመሩት ትልቁ ሐኪም ወሰደችን። ባለቤቴ ከቦርሳዋ ቁራሽ ዳቦ አውጥታ «እስኪ ሲበላ ይዩት» አለች። በላሁ። ሐኪሙ ከንፈሬን ገለጥ አድርገው አዩና ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ይህ እንዴት አመለጠሽ? ዓመት ተኩል ሙሉ ሲነክሱ አላየሽም? ነገሩን እስክንመረምር አዲስ ታካሚ አትቀበይ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ አንገቷን ደፋች።

እኔ ዝም አልኩ። ልብ በሉ፣ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸ ነው። ፋይሌን ታቅፋ ልትወጣ የበሩን እጀታ ስትይዝ ነው አፌ የተፈታው።

«ቆይ ልጄ። ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ።»

አሳየኋቸው። አገጬን ገፋሁት፣ መለስኩት። ደግሜ ገፋሁት፣ መለስኩት። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ።

«ሠላሳ ዓመት! ታዲያ እኔ ያገባሁት የትኛውን ነው?» አለች ባለቤቴ።

ሐኪሙ እንኳ ፈገግ አሉ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሲለኩት ሆዱን የሚያስገባ ደንበኛ ሲመጣ ምን ይሉታል?»

«ልቀቀው እለዋለሁ። ኋላ ሱሪው አላስቀምጥ ይልሃል።»

«እንግዲያው ይልቀቁት።»

«አንቺም ብትሆኚ አጋድመሽ ማረጋገጥ ነበረብሽ» አሏት ሐኪሙ፤ ድምፃቸው ግን ረገብ ብሏል። «በይ አሁን በደንብ ለኪና አሳዪኝ። አዲስ ታካሚም መቀበልሽን ቀጥዪ።»

ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛችው። ቀለም ያለው ስስ ወረቀት በጥርሶቼ መሀል አስገብታ፣ ምላሴን ወደ ላንቃዬ አጥፌ ምራቄን እንድውጥ ነገረችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩ። መንጋጋዬ ሸርተት ብሎ ወደ ድሮ ቦታው ገባ።

«ቀለሙ ያረፈው የመጨረሻዎቹ ላይ ብቻ ነው» አለች። «ሽቦው እንደገና ይታሰራል ጋሼ። ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ምናልባት መንጋጋዎም በቀዶ ሕክምና ይስተካከል ይሆናል። ይችሉታል?»

«እችለዋለሁ።»

«አሁን ዓይንዎን መክፈት ይችላሉ።»

አልከፈትኩም። እንዲያ ሆኜ ስታየኝ ማየት ከበደኝ። እሷ መብራቱን ወደ ፊቴ አስጠግታ ትለካለች፣ ትጽፋለች። እኔ አገጬን ሳልገፋ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ተኝቻለሁ።