ሁለተኛው ፍሬን

መንዳት አስተማሪዋ አማቷን ልታስታምም ድንበር አቋርጣ የመጣች ለት ቤተሰቡ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለ። የተቀበሉት ግን እሷን አልነበረም፤ መኪናዋን ነበር። የባሏ ታናሽ ወንድም ሞተሩ ገና ሳይበርድ ኮፈኑን ከፍቶ ጭንቅላቱን ከተተበት። ይህ ሰው ግቢው ጥግ ላይ ጋራዥ አለው፤ ሰፈሩ «መፍቻ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሙያውን አድንቀው እንዳይመስላችሁ። መፍታቱን ይፈታል፤ ሲገጥም ያየው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

የመጣችው ለሁለት ወር ነበር። አማቷ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ መርከብ ላይ የሚሠራው ባሏ በስልክ «እስኪነሱ ድረስ ብቻ» ብሎ ለመናት። እሷም የተማሪዎቿን ቀጠሮ አራዝማ፣ ልብሷን ጭና መጣች። አማቷ ግን አልተነሱም። የመኪናዋ ጊዜያዊ ፈቃድ አንዴ ታደሰላት፤ ያደሰላት የጉምሩክ ሰው ማኅተሙን እየመታ «ሁለተኛ እንዳትመጪብኝ» አላት። ያ ፈቃድ የሚያበቃው በዚህ ሳምንት ዓርብ ነው። ዓርብ ካለፈ መኪናዋ ኮንትሮባንድ ናት፤ ትወረሳለች።

ለሌላው ሰው መኪና ብረት ነው፤ ለእሷ ግን እንጀራዋ ነው። ስንት ዓመት በሰው መኪና ስታስተምር ኖራ የገዛቻት፣ አንዱ ከተማሪው እግር ሥር፣ አንዱ ከአስተማሪዋ እግር ሥር ሁለት ፍሬን ያላት መኪና ናት። በሰው አገር እንደ ልጅ ነበር የምትጠብቃት። ኢንሹራንሷን ከአገር ቤት በስልክ ታሳድሳለች፤ የጎማዋን ንፋስ ታስለካለች፤ ፍሬኗ ዝጎ እንዳይያዝ በየሳምንቱ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ግቢ አቁሞ ሞተር ብቻ ማስነሳት በሽተኛን አልጋ ላይ አስነጥሶ ዳነ እንደ ማለት ነው ትላለች። መሪዋን ከእሷ በቀር ማንም አይነካም፤ ፈቃዱ ይከለክላል። ደግሞ መኪናዋ ይዛው የገባችውን ሁሉ ይዛ መውጣት አለባት። የውጭ መኪና እየፈታ የሚሸጠው ስለበዛ፣ ድንበር ላይ ሁለተኛው ፍሬን ሳይቀር ተመዝግቧል።

ፈቃዱ ከታደሰ ወዲህ ግን መኪናዋ መታመም ጀመረች። አንድ ቀን የኋላ መብራቷ ጠፋ። ሌላ ቀን ምስማር ካልበቀለበት ግቢ ውስጥ ጎማዋ ምስማር ዋጠ። ቀጥሎ የባትሪዋ ገመድ ላላ። ሁልጊዜም መፍቻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከች ይላል።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና እኮ እንደ እማዬ ናት። መንቀሳቀስ የለባትም።»

መጀመሪያ ጊዜ ስቃ ነበር። በኋላ ነው የገባት። አዛኝ ቅቤ አንጓች! እሷ ከሄደች አሮጊቷን የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው፣ የሽንት ዕቃ የሚያቀርበው ማን ነው? የመፍቻ ሚስት እንደሆነች ከክፍሉ ደጃፍ አልፋ አታውቅም፤ ሽታው ራሴን ያዞረኛል ትላለች። መፍቻም በየማታው በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ ደህና አመሸሽ?» ይልና መልሱን ሳይሰማ ይሄዳል።

አማቲቱም ቢሆኑ የምስጋና ሰው አይደሉም። ውሃው ቢሞቅ «ልትቀቅይኝ ነው»፣ ቢበርድ «ልትገድይኝ ነው»። ባገላበጠቻቸው ቁጥር «እጅሽ ድንጋይ ነው! ልጄ ምን አይቶ እንዳገባሽ!» ይላሉ። እሷ የሆዷን በሆዷ ይዛ ትራሱን ታስተካክላለች። አትወዳቸውም፤ እሳቸውም አይወዷትም፤ በዚህ በኩል ቤቱ ውስጥ ግብዝነት አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ለመንገዱ መኪናዋን ልትፈትሽ ወጣች። ዘይቱን አየች፣ ውሃውን አየች፣ መብራቶቹን ሞከረች። ከዚያ እንደ ልማዷ በተሳፋሪው በር ገብታ ተቀመጠች። መንዳት አስተማሪ ሁሉ እንዲህ ነው፤ መሪ ከመጨበጡ በፊት የራሱን ፍሬን በእግሩ ይጠይቃል። ረገጠችው። ፔዳሉ እግሯን ሳይገፋ ወለል ድረስ ወረደ።

ጎንበስ ብላ በስልኳ መብራት አየች። ሁለቱን ፔዳሎች የሚያገናኘው የብረት ዘንግ የለም። ብሎኖቹ በንጽሕና ተፈትተዋል፤ ለነገሩ መፍታት ማን አስተምሮት! መፍቻ የረሳው ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ሹፌር ይሄ ሲጎድል ላያውቅ ይችላል፤ እሷ ግን ሹፌር አይደለችም።

ጋራዥ ስትገባ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ዘንጉን ስጠኝ» አለችው።

«የምን ዘንግ፣ እትዬ?»

«የፍሬኔን።»

«ፍሬን ጠፋሽ? ታዲያ እንዴት ቆመሽ?» ብሎ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምን አስቸኮለሽ? ቀኑ ይለፍ። እኔ ጉምሩክ ውስጥ ሰው አለኝ።»

«እኔም እዚህ ቤት ሰው ያለኝ መስሎኝ ነበር።»

ፊቱ ተለወጠ። «እሺ፣ እናቴን ማን ያገላብጣት?»

«አንተ።»

«እኔ ወንድ ነኝ።»

«የወንድ እጅ መፍቻ ብቻ ነው እንዴ የሚይዘው?»

«ፈልጊው እንግዲህ!» አለና እጁን ወደ ጋራዡ ዘረጋ። «ካገኘሽው ውሰጂው።»

ፈለገች። ዘይት የጠጣ ካርቶን ገለበጠች፤ የዛገ ቸርኬ አነሳች፤ ጥፍሯ እስኪሰበር ብረት ከብረት ለየች። እሱ ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ ፈገግ እንዳለ ያያታል። ያ ፈገግታ ዘንጉ ጋራዡ ውስጥ እንደሌለ ነገራት። ካርቶኑን በእግሯ ገፍታ ወጣች።

ለባሏ ደወለችለት። ከስልኩ ውስጥ የባሕር ንፋስ ያፏጫል።

«ትንሽ ታገሺ» አላት። «መኪና እኮ ይተካል፤ እናት ግን አንድ ናት።»

«ልክ ነህ፤ እናትህ ናት። መኪናዋ ደግሞ የእኔ ናት።»

«አሁን ይሄ ወሬ ነው?»

«አይደለም። ወሬ አይታመምም፣ አልጋ ላይም አይሸናም» አለችና እሷው ዘጋችው።

ሐሙስን በከንቱ ዋለች። ሰፈሩ ውስጥ ያሉትን ብረት ቀጥቃጮች ሁሉ አዳረሰች፤ ልኩን ሳላይ እንዴት ልሥራልሽ አሉ። ልክ ነበራቸው። ዘንጉን አገር ቤት አንድ አንጥረኛ በእሷ መኪና ልክ የሠራው ነው፤ አምሳያም የለውም።

ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ አማቷን ልታገላብጥ ገባች። ትራሱን ሳታስተካክል ብድግ አደረገቻቸው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» አሉ አሮጊቷ። «ልትጥይኝ ነው?»

«ልጅዎ ሌባ ነው» አለች። በነዚህ ሁሉ ወራት ለአማቷ ክፉ ቃል ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ልጄን ሌባ አትበይው!»

«ሌባ ነው። ዛሬ ማታ መኪናዬን ይወርሱኛል። በእርስዎ ምክንያት በዚች እጄ ሠርቼ ያፈራሁትን ላጣ ነው። ይኸው፣ አሁን ይደሰቱ።»

 አሮጊቷ ጣራውን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ አንገታቸው ላይ ያለውን ክር ጎትተው ከጡታቸው መሐል አንዲት ቁልፍ አወጡ። ያቺን ቁልፍ ሲታጠቡ እንኳ አያወልቋትም ነበር፤ የራስጌው ሣጥን ቁልፍ ናት።

«ክፈቺው።»

ከፈተችው። ከታጠፉ ልብሶች ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ቅባቱ ያልደረቀ ዘንጓ ተጋድሟል።

«ማክሰኞ ማታ አመጣው» አሉ አማቷ። «‹ይቺን ያዢልኝ፣ ይቺ አንቺ ጋ ካለች ምራትሽ የትም አትሄድም› አለኝ።»

አስተማሪዋ ዘንጉን ከጋዜጣው አወጣች። «ታዲያ ለምን ሰጡኝ?»

«ወድጄሽ እንዳይመስልሽ!» አሉ አሮጊቷ፤ ዓይናቸው ደም ለበሰ። «ፊትሽን ማየት ሰልችቶኛል። ሁለት ወንድ ልጅ ወልጄ፣ ጡት አጥብቼ፣ ሽንታቸውን ጠርጌ አሳድጌ፣ ስወድቅ የሰው ልጅ ተከራይተው እግሬ ሥር ወረወሩልኝ። አንዱ ባሕር ላይ ተደበቀ፤ አንዱ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ተደበቀ። አንቺ እስካለሽ እሱ ይቺን ደፍ አይረግጣትም። ሂጂልኝ! ይምጣና ያገላብጠኝ!»

ሣጥኑን ቆልፋ ቁልፉን መለሰችላቸው። ወጣች።

በጀርባዋ መሬት ላይ ተንጋላ ግማሽ አካሏን ከመኪናዋ ውስጥ ከትታ ዘንጉን ገጠመችው፤ ብሎኖቹን እጇ እስኪዝል አጠበቀች። በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጣ ረገጠች። ፔዳሉ እግሯን ገፋት፤ ያዘ። ቀና ስትል መፍቻ በፒጃማው የግቢውን በር በጀርባው ዘግቶ ቆሟል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከእናትህ።»

የበሩን መወርወሪያ በእጁ ጨበጠ። «በሩን አልከፍትም» አለ። «በላዬ ላይ ንጂ!»

የሹፌሩ ወንበር ላይ ገብታ ሞተሩን አስነሳች። እንዳትነዳበት ሰው ነው፤ እንዳትለምነው ደግሞ እሷም ሰው ናት። ፀሐይዋ ከጣራው በላይ ስትወጣ፣ ድንበሩም በሐሳቧ እየራቀ ሲሄድ፣ እንዲሁ ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ። ያኔ ከክፍሉ መስኮት የአሮጊቷ ድምፅ ወጣ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

«አንተ! ክፈትላትና ቶሎ ና! ሽንቴ መጥቷል!»

መፍቻ በሩን አየ፤ መስኮቱን አየ። ከጎረቤት አንድ መስኮት ተከፈተ፣ ከዚያም ሌላ።

«አልሰማህም? እዚሁ ልልቀቀው?»

በሩን በረገደው። አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ፒጃማው ላይ እየጠረገ ወደ ቤት ገባ።

አስተማሪዋ ከኋላ ጎማዋ ሥር ያስደገፈችውን ድንጋይ ልታነሳ ወረደች። መስኮቱ ከአጠገቧ ነው። አልጋው ሲንቋቋ ሰማች፤ አንድ ዕቃ ወድቆ ተንከባለለ፤ ከዚያ አሮጊቷ ጮኹ።

«ቀስ! ቀስ በል አንተ! እጅህ ድንጋይ ነው! የእሷ እንኳ ይሻል ነበር!»

ድንጋዩን በእጇ እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው፣ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ አንደኛ ማርሽ አስገብታ በክፍቱ በር ወጣች።