ችሎት በለቅሶ ቤት

«ቀጠሮው ይተላለፍላቸዋ! ዳኛውስ ቢሆን ልብ የለውም እንዴ?» አሉ የሟች አክስት ሀውራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው።

ራዚያ ከምንጣፏ ላይ ሆና ሰማች። ባሏ ኢስሃቅ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሹክሹክታው ምክንያት በሩ ሥር የተቀመጠችው ዙለይሃ ናት። ከሳዑዲ ገንዘብ እየላከች ያሠራችውን ቤት ወንድሟ በስሙ አዙሮ ሊሸጠው ሲል፣ የሕግ መምህሩ ኢስሃቅና ተማሪዎቹ በነጻ ተሟግተው ሽያጩን አሳገዱላት። እግዱ የሚያበቃው ነገ ነው።

«እማማ ሀውራ፣ ነገ ተከራክሮ የሚያስቀጥለው ከሌለ ቤቱ ይሸጣል» አለ ጠሃ፣ ከተማሪዎቹ ደፋሩ። «ውክልናው ደግሞ በመምህራችንና በእትዬ ራዚያ ስም ብቻ ነው።»

«ታዲያ ባሏ ሞቶባት ዒዳ የገባች፣ ከቤት የማትወጣ ሴት ፍርድ ቤት ትሂድልህ? ወይ ጉድ!»

ዙለይሃ አንገቷን ደፋች። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ የለቅሶው ወሬ እሷ ሆና አረፈችው።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ኢስሃቅ በመምህራን ልውውጥ ኖርዌይ ደርሶ ሲመለስ፣ ራዚያ የጠበቀችው ወፋፍራም መጻሕፍት ነበር። እሱ ይዞ የመጣው ግን ተማሪ ከሳሽና ተከሳሽ ሆኖ የሚሟገትበትን ምስለ ችሎት፣ ቀጥሎም የድሃ አቤቱታ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥበትን ነጻ አገልግሎት ነው። ጠበቃዋ ራዚያ ራሷ የተመረቀችው ሕጉን ሸምድዳ ነው።

«ባህር ተሻግረህ ቲያትር ተምረህ መጣህ?» አለችው።

«አብሽሪ፣ አንቺንም እናሠራሻለን» ብሎ ሳቀ።

በዓመቱ የኖርዌይ ባልደረባው መጥታ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ ሙሉ ቀን ተቀምጣ አየች። ተበዳይን ሳያቋርጡ መስማታቸውን ለተማሪዎቿ እንደምታስተምር ስትናገር ራዚያ መቀለዷን ተወች። ጦርነቱ መጥቶ የመማሪያ ክፍሎቹ ሲዘረፉ፣ ኢስሃቅ ተማሪዎቹን ሰብስቦ እዚሁ ሳሎን አስገባቸው፤ ባልደረባውም ከኖርዌይ በስልክ ታስተምራቸው ነበር። የስኳር ሕመሙ መድኃኒት የጠፋባቸው እነዚያ ወራት ግን ኩላሊቱን ጨርሰውት ኖሯል።

ራዚያ ዱዓ ሊያደርጉ ወደገቡት ሸህ ኑርዬ ዞረች።

«ሸህዬ፣ ነገ ብወጣ ሐራም ይሆንብኛል?»

ሸሁ መለሱላት። «ለከበደ ጉዳይ ቀን ትወጫለሽ፤ ሳይመሽ ቤትሽ ትመለሻለሽ። የሰው ሐቅ ካልከበደ ምን ሊከብድ ነው፣ ልጄ?»

«እንግዲህ ሸሁ ካሉ…» ብለው ሀውራ ተነፈሱ፤ ተነሥተውም ለዙለይሃ ሻይ ቀዱላት።

ራዚያ ደስ አላላትም፤ ፈራች። ክርክሩን ያዘጋጀው እሱ ነበር። እሷ ደግሞ እሱ ከሞተ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር በወጉ ጨርሳ አታውቅም።

ያለ ልምምድ ችሎት መቆም በኢስሃቅ ዘንድ አይፈቀድም፤ ሚስቱንም አይምርም ነበር። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ተማሪዎቹን ጠራቻቸው።

«እኔን ጠይቁኝ» አለች። «እንደ ተቃራኒ ወገን። እንዳትራሩልኝ።»

ተማሪዎቹ ተያዩ። ከዚያ ጠሃ በልማዱ «ችሎቱ ሊሰየም ነው» ሲል ሁሉም ብድግ ብለው ፊታቸውን ወደ መኝታ ቤቱ በር አዞሩ። ዳኛ ሆኖ ጉሮሮውን እየጠረገ በዚያ በኩል የሚገባው ሁልጊዜ ኢስሃቅ ነበር። በሩ አልተከፈተም። ለመቀመጥ የደፈረም አልነበረም።

ራዚያም አብራቸው ጥቂት ጠበቀች። ኋላ በመዳፏ ተቀመጡ ብላ ምልክት ሰጠቻቸውና እሷ ጥያቄያቸውን ለመቀበል እንደቆመች ቀረች።