ባለቁልፉ በሩን ሲከፍት

ወርቅውሃ የሥዕሉን ብዕር ከልጅ ልጇ እጅ መንጭቃ ቀሚሷ ደረት ውስጥ ከተተችው።

"አሁን ሣዪና አሳዪኝ" አለች።

ኑሃሚን ባዶ ጣቶቿን አየች። "እማማ፣ ፕሊስ። ዛሬ ሳይመሽ ሰብሚት ካላደረግኩ ኮንትራቱን ካንስል ያደርጉታል።"

"ይሰርዙት። ይሄ ለገሰ አይደለም?"

ታብሌቱ ላይ ያለው ለገሰ ነበር። ጋደል ያለች ኮፍያው አለች፤ ግንባሩ ላይ ማርያም የሳመችው ምልክትም አለ፤ ምን ታይቷት እንደሳመችው እንጃ። አንድ ትልቅ የብረት በር በሁለት እጁ እየከፈተ ነው። ፈገግ ብሏል ደግሞ።

ኑሃሚን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያገኘችውን ደህና የቢሮ ሥራ ትታ፣ አትላንታ አጠገብ ታከር ካለው የአያቷ ቤት ምግብ ጠረጴዛ ላይ ተጎልታ ማንጋ ትሥላለች። የጃፓኖች ዓይነት የሥዕል ታሪክ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ ሰው በየሳምንቱ ከስልኩ ላይ ይጠብቀዋል። ወርቅውሃ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕል ለማየት ግን ዓይን ይበቃል። የጠፋ ወንዝ ፍለጋ ከአገር የወጡ እህትማማቾች አሉ። በየደረሱበት በር የሚዘጋባቸው፣ የቁልፍ ዘለላ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ክፉ ሰውም አለ። ዋናው ጠላት እንኳ አይደለም፤ የዋናው ጠላት በረኛ ነው። እሱን በለገሰ መልክ ያሣለችው ራሷ ወርቅውሃ ናት፤ አጠገብ ቆማ፣ "አፍንጫው እንዲህ አያምርም" እያለች። ባለቁልፉ በተደበደበበት ሳምንት ሁሉ ደህና እንቅልፍ ይወስዳታል።

ምክንያት ነበራት። ባሏ ሳህሌ በሞተ በአርባ ቀኑ የአገር ልጆች ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበርና፣ ከሌላኛው ወገን የነበረው ለገሰ ለተዝካሩ የተያዘውን አዳራሽ ቁልፍ ለውጦ ጠፋ። ሰዉ በጥቁር ልብሱ፣ ምግቡ በየትሪው ዝናብ ላይ ቀረ። ቄሱ ጸሎቱን መኪና ማቆሚያው ላይ በጃንጥላ ሥር አደረሱ። ከዚያ ወዲህ ከለገሰ ጋር እንኳን ሰላምታ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ መግባትም ቀርቷል።

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚከፍትላቸው?" አለች ወርቅውሃ።

"ሰዎች ወደዱታ። ባለፈው ሳምንት ቁልፉን በግንቡ ላይ ወረወረላቸው። አሁን ደግሞ አብሯቸው ይሄዳል። ወዳጅ ይሆናል።"

"ባለፈው ሳምንት? እኔ ሳላየው?"

"ትቆጪያለሽ ብዬ ነው።"

"ማን አስታረቃቸው?"

"ማንም። ልቡ ተለወጠ።"

"ልብ ካልሲ ነው እንዴ፣ ሲያሰኝ የሚለወጥ? ወይ ገደል ክተቺው፣ ወይ ብዕሩን እርሺው።"

"እማማ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው። ያንቺ ቂም መወጫ አይደለም።"

ወርቅውሃ ለዚህ መልስ ነበራት። ነገር ግን የበሩ ደወል ጮኸ። ኑሃሚን ስልኳ ላይ የበሩን ካሜራ ከፈተችና ደንግጣ ቀረች።

"ማነው?"

"ባለቁልፉ" አለች።

ወርቅውሃ በሩን ስትከፍት ሐጂ ሱልጣን ቆመዋል። ዶራቪል ሱቅ ያላቸው፣ በማኅበሩ ጠብ ከሁለቱም ወገን ያልነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከእግራቸው ሥር ለገሰ ኮፍያውን አውልቆ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኳል። የግቢው ጥድ ዛፎች ቢጫ የአበባ ብናኝ ከድንጋዩ ላይ ረግፎ አንገትጌውን ሞልቶታል። ድንጋዩን አወቀችው። ከራሷ አበባ መደብ ዳር የተነቀለ ነው።

"ይቅርታ ስትጠይቅ እንኳ ድንጋይ ከቤትህ አታመጣም?" አለችው።

"አፓርታማ ነው የምኖረው" አለ ለገሰ መሬት መሬት እያየ።

"ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ መልእክትዎ ደርሶን ነው የመጣነው" አሉ ሐጂ ሱልጣን።

"የምን መልእክት?"

የመለሰው ለገሰ ነው። "ልጄ ሉሊት ናት ሥዕሉን ስልኳ ላይ ያሳየችኝ። ሳየው ራሴ ነኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እጠብቃለሁ፤ ደግሞ ዛሬ ማን ላይ እዘጋ ይሆን እያልኩ። ባለፈው ሳምንት ቁልፉን ስወረውር አየሁ። እትዬ ወርቅውሃ ሳይፈቅዱ ይህቺ ልጅ እንዲህ አትሥልም፣ ልከውብኛል ማለት ነው አልኩና፣ ሐጂን ለምኜ መጣሁ።"

ወርቅውሃ ምላስ ላይ አንዲት ቃል ተቀመጠች። "አልላክሁም" ብትል በቃ፤ ሰውየው ድንጋዩን ተሸክሞ ይመለሳል፣ ወሬው እሑድ ሳይደርስ አትላንታን ያዳርሳል። ቃሏ ጣፈጠቻት። ከመትፋቷ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀች።

"ያን ቀን የት ነበርክ?"

"ከመንገዱ ማዶ። መኪናዬ ውስጥ።"

"ታየን ነበር?"

"አያችሁ ነበር። ትሪዎቹ ውስጥ ዝናቡ ሲገባ አይቻለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ልወርድ የመኪናውን በር ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።"

ይህንን አታውቅም ነበር። ዘግቶ ቤቱ ገብቶ የተኛ ነበር የሚመስላት፤ እንዲያ ያለውን ሰው ደግሞ መጥላት ቀላል ነው። ይሄኛው የባሰ ነው። አይቶ፣ አዝኖ፣ ሳይወርድ የቀረ።

"በአላህ፣ ያውርዱለት። ጉልበቱ በሽተኛ ነው" አሉ ሐጂ ሱልጣን።

"ይቆይ።"

በሩን ሳትዘጋው ወደ ውስጥ ተመለሰች። ኑሃሚን ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ወርቅውሃ እጇን ደረቷ ውስጥ ከትታ ብዕሩን አወጣች፤ ሞቋል።

"እንኪ። ይክፈትላቸው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እንዲሁ ጥርሱን እያሳየ ግን አይደለም። ድንጋይ ይሸከም። ያውልሽ፣ እያየሽ ሣዪው።"

"እማማ፣ አንቺ እኮ አልላክሽም። አትነግሪውም?"

"አንቺ ሥራሽን ሥሪ። ይመሽብሻል።"

ኑሃሚን ታብሌቷን ይዛ ደፉ ላይ ተቀመጠችና መሣል ጀመረች። የለገሰ አንገት መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ቀና ሊል ሲሞክር ወርቅውሃ በላዩ ቆመች።

"እሷ ሳትጨርስ አትነቃነቅም።"

"እሺ" አለ ለገሰ።

"ፈገግም እንዳትል።"

"ኧረ ከየት አምጥቼ" አለ።

ሐጂ ሱልጣን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ሲስቅ ይታይ ነበር። ወርቅውሃ አልሳቀችም። የለገሰን ጉልበቶች ታያለች። ሲሚንቶው ሸካራ ነው፤ ሱሪው ሳስቷል። ወደ ሳሎን ገባች። ሶፋው ላይ ሳህሌ ይደገፈው የነበረ፣ ከእሱ ወዲያ ማንም እንዳይነካው የከለከለችው ትራስ አለ። ቆማ አየችው። ከዚያ በብብቷ ይዛው ወጣች።

"አንድ ጉልበትህን አንሳ" አለችው።

አነሳ። ትራሱን ከሥሩ ወሸቀችለት። "ያኛውንም።"

ድንጋዩን ግን አልነካችውም።