ከሥራ ውጭ አንድም ገጽ

በለጠ የመንግሥት ገንዘብ ሲባክን ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም፤ ሁለት ከሆኑ ግን ሥራ ይቆማል። አሰላ ውስጥ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ ጽሕፈት ቤት የግዥ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ብዙ ዘመን ሠርቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንጀቱን ያሳረረው ሌባም ጉቦኛም አይደለም፤ ፕሪንተር ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ፕሪንተር የሚገዛው በጨረታ ነው፤ ጨረታውን የሚያሸንፈው ደግሞ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው። ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ፕሪንተር ቀለሙ ከራሱ ከፕሪንተሩ ይወደዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። በየዓመቱ ሌላ ነጋዴ ሌላ ዓይነት ስለሚያቀርብም የፋይናንሱ ቀለም ለመሬት ክፍሉ አይሆንም፣ የመሬት ክፍሉ ለሰው ሀብቱ አይሆንም። መጋዘኑ ውስጥ ቀለም ያጡ ፕሪንተሮች በአንድ ግድግዳ፣ ፕሪንተር ያጡ ቀለሞች በሌላው ግድግዳ ተቆልለው፣ እንደተጣሉ ጎረቤታሞች ተፋጠው ይኖሩ ነበር።

በለጠ ይህን ለማስቆም ስንት ስብሰባ ተሟገተ። የሚለው ቀላል ነው፤ የማሽኑን ዋጋ ትተን የአንዷን ገጽ ዋጋ እናወዳድር፣ በየክፍሉ ያለው ትንንሹ ይሰብሰብና አንድ ትልቅ ማሽን ኮሪደሩ ላይ ይቁም፣ ማሽኑም ቀለሙም ጥገናውም የአቅራቢው ይሁን፣ እኛ ላተምነው ገጽ ብቻ እንክፈል። የንብረት ክፍሉ ሰው የመንግሥት ቁጥር ያልተለጠፈበት ዕቃ እንዴት ግቢያችን ያድራል ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። በመጨረሻ ተፈቀደ። የተፈቀደው ነገሩ ስለገባቸው ሳይሆን በለጠ ስለሰለቻቸው ነው የሚሉም አሉ።

ማሽኑ መጣ። ለየሠራተኛው የሚስጥር ቁጥር ታደለ፤ ቁጥሩን ያልነካ ሰው ወረቀት አያገኝም። በለጠ በገዛ እጁ አስተካከለው፤ በወረቀቱ በሁለቱም በኩል፣ በየበኩሉ ሁለት ሁለት ገጽ ጎን ለጎን፣ ቀለሙም ሳሳ ብሎ እንዲያትም አደረገው። ይህን መቀየር የሚችለው የእሱ ቁጥር ብቻ ነው። ማህተም የሚያርፍበት ደብዳቤ ሲኖር ተጠርቶ ይመጣና ይከፍታል፣ ደብዳቤው ሲወጣ መልሶ ይዘጋል። ማሽኑ ግንባር ላይ ደግሞ መመሪያ ለጠፈ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሥራ ውጭ አንድም ገጽ አይታተምም የምትል።

እስከዚያ ድረስ የሰፈሩ የእድር ጥሪ፣ የሠርግ ወረቀት፣ የመስጊድ ማሠሪያ መዋጮ፣ የሠራተኛው ልጆች የቤት ሥራ ሁሉ የሚታተመው ከዚያ ግቢ ነበር። ያ ሁሉ ቆመ። ወጪውም ወረደ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ በእውነት ወረደ። ከአቦምሳና ከጮሌ ሳይቀር ልምድ ልንቀስም ብለው የመጡ ነበሩ። ልምዱ በጽሑፍ ይሰጠን ሲሉት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት አላቸው።

በሐምሌ የጸሐፊዋ የዳናዊት አባት ሞቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ነበር፤ ከተማው ደግሞ መብራት ጠፍቶበት ጄኔሬተር የሚያጓራው ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ነው። ዳናዊት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ፍላሽ ጨብጣ መጣች። ቀብር ላይ የሚነበበውን የአባቷን የሕይወት ታሪክ ልታሳትም ነው፤ አንድ ገጽ። በለጠ ከልቡ አዘነላት። ተነሥቶ እጇን ያዘና እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። ከዚያ መመሪያውን አስታወሳት። ዛሬ ላንቺ ከፈቀድኩ ነገ ማንን እከለክላለሁ አላት። ዳናዊት ፍላሿን ይዛ ወጣች።

ለቀብሩ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሞ የደረሰው በለጠ ነው፤ ሳጥኑንም ተሸክሟል። ታሪክ ሳይነበብ አፈር ሲመለስ አይቶ፣ ዳናዊት ሌላ ቦታ አሳትማዋለች፣ ቤተሰቡ ማንበቡን ትቶት ይሆናል ብሎ አሰበ።

የበለጠ እናት ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ገበያ ዳር ጨው ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው። ቀብር አያመልጣቸውም። ሲመለሱ የሚያወሩት ታዲያ ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለተነበበው ነው፤ እከሌን አጣድፈው ሸኙት፣ እከሊትን የልጆቿን ስም ብቻ ቆጥረው ቀበሯት ይላሉ። ታመው ሕመሙ የጠናባቸው ጊዜ ልጃቸውን አስጠሩ።

«እኔን በችኮላ እንዳታስነብበኝ» አሉት። «ሰው ቆሞ ይስማኝ።»

በለጠ ማለላቸው። ማታ ማታ አልጋቸው ሥር እየተቀመጠ የነገሩትን በእጁ ጻፈ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር በእህል መኪና ላይ ተጭነው መምጣታቸውን፣ አንድ ክረምት ጎርፍ ገብቶ ጨዋቸውን ሙልጭ አድርጎ ሲወስደው ጎረቤታቸው ፋጡ በቀሚሷ ሙሉ ጨው ይዛላቸው መምጣቷን፣ ሁሉንም። አራት ገጽ ሞላ። አስተየበው፤ የተየበችው ዳናዊት ናት። መተየብ ቀለም አይበላም፣ መመሪያውም ስለ መተየብ ያለው ነገር የለም።

በነሐሴ አንድ ማለዳ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ዐረፉ። በለጠ ጽሑፉን ሱቅ ልኬ ላሳትም ብሎ ሲነሣ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ሚፍታ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«ኦቦ በለጠ፣ ዛሬ እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት። እኛ አለን።»

ሚፍታ ጽሑፉ ያለበትን ፍላሽ ተቀብሎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በረረ። መመሪያውን ያውቃል፤ የሰውዬውን እናት ታሪክ ሱቅ ለሱቅ ማዞር ግን ነውር መስሎ ታየው፣ የሚመጣውን ቅጣት እኔ እቀበላለሁ ብሎ የራሱን ቁጥር ነካ። ማሽኑ የሚያውቀው የተነገረውን ነው፤ አራቱን ገጽ አሳንሶ፣ አደብዝዞ፣ ፊትና ጀርባ አድርጎ በአንዲት ቅጠል ወረቀት ተፋው። ለማስተካከል የበለጠ ቁጥር ያስፈልጋል። ድንኳን ገብቶ እናቱ ለሞተችበት ሰው በጆሮው የማሽን ቁጥርህ ስንት ነው የሚል ደግሞ አርሲ ውስጥ ገና አልተወለደም። ሚፍታ ወረቀቱን አጥፎ ለእድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ሀብተ ማርያም አደረሰ።

አቶ ሀብተ ማርያም ድምፃቸው ጋራ ይሻገራል፤ ዓይናቸው ግን እጃቸው ላይ ያለውንም አጥርቶ አያይም። ፍትሐቱ ሲያበቃ ወደፊት ወጡ፣ መነጽራቸውን ሰኩ፣ ወረቀቱን ዘረጉ። የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ ብርሃኑም ፈዟል። ወረቀቱን አቀረቡት፣ አራቁት።

«ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ» አሉና ቆሙ።

ስሙን ሳያነቡም ያውቁታል። ሕዝቡ ጠበቀ። ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባውም ያው ነው። በለጠ ካለበት ሆኖ የወረቀቱን ጀርባ ባየ ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው፤ የታተመው በእሱ ማሽን ነው። ልሂድና ልንጠቃቸው አለ፤ ግን እንባው ዓይኑን ሞልቶታል፣ እሱም ቢይዘው የሚታየው ነገር የለም። አቶ ሀብተ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታሪካቸው ረጅም ነው፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ ነፍስ ይማር ብለው ሊዘጉት እንደሆነ ከፊታቸው ይታወቃል።

ከሴቶቹ መካከል ዳናዊት ወጣች። ይቅርታ አባባ ብላ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበለችና አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ፣ በጣቷ መስመር እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ፊደሉ ስለሚጠፋባት መፍጠን አትችልም፤ አንዱን ቃል አንሥታ ሌላውን ትፈልጋለች። ካፊያ ጀመረ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጨው ያለበት ቦታ ስትደርስ አሮጊቷ ፋጡ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ተንሰቀሰቀች። በዚያ እድር እንዲህ ረጅም ጊዜ ተነቦለት የተቀበረ ሰው አልነበረም። በለጠ እናቱን እያለቀሰ በዚያው ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አሳፈረው።

ሐዘኑን ጨርሶ ሥራ በገባ ቀን ቀጥታ የሄደው ወደ ዳናዊት ጠረጴዛ ነው። ከልቡ አመሰገናት። ውለታሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ አላት። ከዚያም እንዲያው ከቅንነት ተነሥቶ፣ በአባቷ ቀብር ቀን ለምን ሳይነበብ እንደቀረ ጠየቃት።

ዳናዊት ከኮምፒውተሩ ዓይኗን አላነሣችም።

«መብራት ያለው ሱቅ ፍለጋ ስዞር ቀበሯቸው» አለችው። «እኔ ስደርስ ሰዉ እየተመለሰ ነበር።»

በለጠ ይቅርታ ማለት ፈለገ፣ ይቅርታው ግን ለዚህ የሚበቃ አልመሰለውም። ከጠረጴዛዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣና፦

«አባትሽ የት ነበር የተወለዱት?» አላት።

«ደብዳቤ እየጨረስኩ ነው፣ አቶ በለጠ» አለች። «ማህተም ያለበት ነው። ማሽኑን ይክፈቱልኝ።»

በለጠ ወደ ኮሪደሩ ሄዶ ከፈተላት።