ድምፅ የተከለከለበት ቤተ መጻሕፍት

የከተማዪቱ ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ውባለምን ያን ምሽት እህል አልዋጥ አላት። በነጋታው ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ አንባቢ የለውም በማለት፣ ቤቱን የእህል መጋዘን ሊያደርገው ነው። በወላጆቿ ዘመን ሰው ይጋፋበት የነበረው አዳራሽ ዛሬ አቧራ ብቻ ማስተናገዱን እያሰበች፣ «ሕዝቡ ማንበብ ከጠላ ምን ብዬ ልከራከር?» ብላ ጋደም አለች፤ እንቅልፍም ይዟት ሄደ።

በሕልሟ፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው የፊደል መምህሯ የኔታ ጥበቡ ጭራቸውን ይዘው መጡና ወደዚያው ቤተ መጻሕፍት አስገቧት። መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። በአንደኛው ክፍል ሽማግሌዎች ወዘወዝ እያሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ በሌላው የገበያ ሴቶች ዘንቢላቸውን አጠገባቸው አኑረው፣ አንዲት ኮረዳ ስለ ከብት በሽታ የምታነብላቸውን ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉም። ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል።

ውባለም ደነገጠች። «የኔታ፣ ዝም በሉ የሚላቸው የለም እንዴ?»

«ለምን ብሎ?»

«ከወላጆቼ ዘመን ወዲህ የወጣው ሕጋችን እኮ ጸጥታ ነው። ድምፅ ያሰማ ይወጣል።»

የኔታ ሳቁ። «ልጄ፣ ሀ ሁ ሳስቆጥርሽ በሆድሽ ነበር የምትይው?»

«ኧረ ጮኼ ነው። ዝም ካልሁማ አለንጋ ነበር።»

«እንግዲያስ የዚህ አገር ሰው ንባብ የለመደው በድምፅ ነው። አፉን ስትይዙት እግሩን ሰበሰበ።»

«በጸጥታ ማንበብ የሚሻውስ የት ይግባ?»

በወፍራም ግንብ ወደ ተለየ የጓሮ ክፍል መሯት። ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ፤ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም።

«ቤቱስ ሰፊ ነው፤ የጠበበው ሕጉ ነበር» አሉ የኔታ።

ያን ጊዜ ውባለም ከደረቷ ላይ ሸክም የወረደ ያህል ቀለላት፤ በደስታም አለቀሰች። ስትነቃ ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ ጎሕም ቀዷል።

ያየችውን ለምክር ቤቱ ልትናገር ቆርጣ ወጣች። ከምክር ቤቱ ደጃፍ ደረጃው ላይ አንድ ሽማግሌ ለሁለት ጓደኞቻቸው ጋዜጣ ያነባሉ። በየቀኑ ታያቸዋለች፤ ቆማ ግን አታውቅም።

«አባባ፣ ለምን ቤተ መጻሕፍት ገብተው አያነቡም?»

«ገብተን ነበር፣ ልጄ። ድምፅ አበዛችሁ ተብለን ወጣን።»

«ከእንግዲህ የሚያስወጣችሁ የለም» አለችና እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። «አሁን ከእኔ ጋር ወደ ስብሰባው ይግቡ። አንባቢ የለም እያሉ ነው፤ እኔ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።»